«ሰውነቱ ብረቱን አልተቀበለውም»፦ በጅማ የታከመ የቅልጥም አጥንት ኢንፌክሽን የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በተሰበረ ቅልጥሙ ላይ የተገጠመለት ብረት ከአንድ ዓመት በላይ መግል ሲያፈስበት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጅማ ከተማ ውስጥ በሁለት ደረጃ ቀዶ ሕክምና የታከመ አንድ የቡና ገበሬን ይመለከታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር በታካሚዎች፣ በአስታማሚዎች፣ አንዳንዴም በባለሙያዎች አንደበት የሚሰጠው ማብራሪያ «ሰውነቱ ብረቱን አልተቀበለውም» የሚል ነው። ጉዳዩን በዝርዝር እንድንጽፍ ያነሳሳን ይህ ማብራሪያ ትክክል አለመሆኑ በዚህ ሰው እግር ውስጥ በዓይን በሚታይ መልክ መረጋገጡ፣ ማብራሪያውም ቤተሰቡን ለማይጠቅም ትልቅ ወጪ ሊዳርግ ተቃርቦ የነበረ መሆኑ ነው። ታካሚው ታሪኩ ለትምህርት እንዲውል ፈቅዷል፤ ማንነቱን ሊገልጹ የሚችሉ ዝርዝሮች ተትተዋል።

የታካሚው ታሪክ

ታካሚው በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ ከአደጋው በፊት ሌላ የጤና ችግር ያልነበረበት ሰው ነው። በክረምት፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቀኝ ቅልጥሙ ከመሐል ተሰበረ፤ የአጥንቱ ስባሪ ቆዳውን በስቶ በመውጣቱ ቁስሉ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ነበር። ቤተሰቡ መጀመሪያ የወሰደው ወደ ወጌሻ ሲሆን፣ ወጌሻው እግሩን ስቦ በቀርከሃ አሰረለት። በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ትኩሳት ሲጀምረው ከጅማ ውጭ ወዳለ አንድ የሕክምና ተቋም ተወሰደ፤ በዚያም ቁስሉ ታጠበ፣ በዚያው ዕለት ፕሌት (ስብራቱን አጋጥሞ የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት) እና ብሎን ተገጠመለት፣ ቆዳውም ተሰፍቶ ተዘጋ።

ወጌሻውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። ቆዳው ያልተከፈተ ቀላል ስብራት በወጌሻ እጅ ሲድን ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ሕዝቡም የሚያምናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍት ስብራት ግን ሌላ ነገር ነው። በክፍት ስብራት ላይ ከሁሉ የሚቀድመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠትና የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ቁስሉን አጥርቶ ማጠብ ሲሆን፣ በዚህ ታካሚ ላይ እነዚህ ሁለቱም ሦስት ቀን ዘግይተዋል። ከዘገዩ በኋላ ደግሞ እንደተበከለ ሊቆጠር በሚገባው ቁስል ውስጥ ብረት ገብቶ በላዩ ላይ ቆዳው ተዘጋ። በእኛ እይታ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ አጥንቱ ለጊዜው ከቆዳ ውጭ በሚታሰር ማቆሚያ ተይዞ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ደጋግሞ ቢታጠብ ኖሮ የተከተለው ሁሉ ላይከተል ይችል ነበር።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ ቁስሉ የዳነ መሰለ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ግን ከጠባሳው ታችኛ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ መግል ማፍሰስ ጀመረች። ታካሚው ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ጸረ ባክቴሪያ ሲወስድ ፈሳሹ ይደርቃል፣ ሕመሙም ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ባለቀ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይፈሳል። ይህ ዑደት ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ፣ ሁለተኛው የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስም ሰውየው ገና በምርኩዝ ይሄድ ነበር።

ወደ እኛ ሲመጣ ይዞት የመጣው ታላቅ ወንድሙ ገና ምርመራው ሳይጀመር የጠየቀን ጥያቄ የቤተሰቡን ስሜት በሚገባ ይገልጻል። «ዶክተር፣ ይሄ ብረት ለሰውነቱ አልተስማማውም መሰለኝ። ቲታኒየም የሚባል ደህና ብረት አለ ይላሉ፤ ከብት ሸጠንም ቢሆን እንግዛለትና ይቀየርለት» አለ። ጥያቄው ቀልጣፋ መልስ የሚሰጠው አልነበረም፤ ምክንያቱም ቲታኒየም በእርግጥም ከአጥንት ጋር በደንብ የሚስማማ ብረት ነው። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስቀመጠውን የቲታኒየም መመልከቻ ሊያወጣ ሲሞክር አጥንቱ በቀጥታ ተጣብቆበት እንዳገኘው፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን የቲታኒየም ጥርስ መትከያ ለሰው እንደገጠመ በሙያው የታወቀ ታሪክ ነው። ወንድምየው የሰማው ወሬ መነሻ አለው ማለት ነው። ችግሩ በሌላ ቦታ ላይ ነበር።

ሰውነት ለገባበት ባዕድ ነገር የሚሰጠው ምላሽ

ወደ ሰውነት ገብቶ ምንም ምላሽ የማይሰጠው ባዕድ ነገር የለም፤ ብረትም፣ ፕላስቲክም፣ ሴራሚክም ቢሆን ከደም ጋር በተገናኘ በሰከንዶች ውስጥ ገጹ በፕሮቲን ይሸፈናል። በመጀመሪያ የሚያርፈው በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልቡሚን ሲሆን፣ ቆይቶ እንደ ፋይብሪኖጅን ያሉ በገጹ ላይ አጥብቀው የሚይዙ ትላልቅ ፕሮቲኖች ቦታውን ይወስዳሉ። ሕዋሳት ሲደርሱ የሚያገኙት እንግዲህ ብረቱን ራሱን ሳይሆን ይህን የፕሮቲን ሽፋን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ፤ ቀጥሎ ከደም የሚወጡት ሞኖሳይቶች ወደ ማክሮፋጅነት ይለወጣሉ። ማክሮፋጅ የሞተ ሕዋስንና ባክቴሪያን ውጦ የሚያስወግድ ሕዋስ ቢሆንም፣ መጠኑ በሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍልፋዮች የሚለካ በመሆኑ ከአንድ ጣት የሚረዝም ፕሌት ሊውጥ አይችልም። ስለዚህ በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከአጠገቡ ካሉት ጋርም ተዋህዶ ብዙ ኑክሊየስ ያለው ግዙፍ ሕዋስ ይሆናል። ከዚያ ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር እየሠሩ ባዕዱን ነገር በስስ ከረጢት ይከልሉታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ጤናማ በሆነ ሁኔታ ነገሩ በዚሁ ይረጋል። ብረት ተገጥሞላቸው ዕድሜ ልካቸውን ያለ ችግር የሚኖሩ ሰዎች በውስጣቸው ያለው ይህ ከረጢት ነው። መቀበልና አለመቀበል የሚለው አነጋገር ይህን ሂደት አይገልጸውም፤ ከሌላ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ላይ የሚደርሰው ዓይነት ማስወገድ በብረት ላይ አይደርስም። በኒኬል አለርጂ የሚቸገሩ ጥቂት ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ አለርጂ ግን ለብቻው መግል አያፈስም።

መግል ካለ ባክቴሪያ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ለብቻው መግል ለመፍጠር በሚሊዮኖች መቆጠር የሚያስፈልገው ሲሆን፣ በቆዳው ውስጥ አንድ የሐር ስፌት ክር ካለ ግን ጥቂት መቶዎቹ እንደሚበቁ አሳይተዋል። አንድ ቀጭን ክር ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ጭቃ በገባበት ቁስል ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ ፕሌት ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አይከብድም። አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ነገር የሰውነት ሕዋሳትና ባክቴሪያዎች የተተከለውን ዕቃ ገጽ ቀድሞ ለመያዝ የሚያደርጉት ሽቅድምድም አድርጎ ገልጾታል። ባክቴሪያው ከቀደመ በራሱ በሚያመነጨው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ባዮፊልም የተባለውን ሽፋን ይሠራል። በዚህ ሽፋን ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በነጻነት ከሚንሳፈፈው ጋር ሲነጻጸር እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ የመድኃኒት መጠን ሊቋቋም ይችላል። የታካሚያችን መድኃኒት ፈሳሹን አድርቆ ችግሩን ያላደረቀበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ክኒኑ የሚገድለው ከሽፋኑ ወጥተው የሚንሳፈፉትን ብቻ ስለሆነ፣ ሲቆም ብረቱ ላይ የቀሩት እንደገና ይበዛሉ።

ምርመራና የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና

ራጁ አጥንቱ እንዳልገጠመ፣ በስብራቱ አካባቢ ባሉት ብሎኖች ዙሪያ አጥንቱ እየሟሸሸ ጥቁር ክበብ እንደሠራ፣ በመሐልም ከቀረው አጥንት የበለጠ የነጣ ስባሪ እንዳለ አሳየ። ይህ የነጣው ስባሪ ደም የማይደርሰው የሞተ አጥንት ነው። የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራዎች ነጻ ነበሩ። ከቀዳዳዋ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ የቆዳን ባክቴሪያ እንጂ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ስለማያሳይ አልተጠቀምንበትም፤ ይልቁንም ታካሚው ጸረ ባክቴሪያውን ለሁለት ሳምንት አቁሞ እንዲቆይ ከተደረገ በኋላ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከአምስት የተለያዩ ጥልቅ ቦታዎች ናሙና ተወሰደ። ከአምስቱ በአራቱ ላይ ክሎክሳሲሊን በተባለው ጸረ ባክቴሪያ የሚሞት ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በቀለ። ለሁለት ሳምንት ያለ መድኃኒት እንዲቆይ ማሳመን ቀላል አልነበረም፤ መግሉ ሲጨምር ያየ ቤተሰብ ሐኪሙ ችላ ያለው ይመስለዋል።

እግሩ ተከፍቶ ፕሌቱ ሲታይ፣ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ነገር ተገለጠ። ከስብራቱ በራቀው በላይኛው የፕሌቱ ጫፍ፣ ብረቱ የእንቁላልን ቅርፊት ከውስጥ እንደሚሸፍነው ስስ ነገር ባለ ነጭና ለስላሳ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ብሎኖቹም ጥብቅ ብለው ይገኙ ነበር። ከሥሩ ያለው አጥንት ሕያው ነው፤ መግል የሚባል ነገር አልነበረም። ስብራቱ አጠገብ ሲደረስ ግን ከረጢቱ ጠፍቶ በምትኩ በቀላሉ የሚደማ፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ሥጋ ታየ፤ በብረቱ ገጽ ላይ የሚያንሸራትት ዝልግልግ ነገር ነበረ፤ ብሎኖቹም በጣት ተሽከርክረው ወጡ። ሰውየው አንድ ነው፣ እግሩ አንድ ነው፣ ፕሌቱ አንድ ነው። ሰውነቱ ብረቱን የማይቀበል ቢሆን ኖሮ ከላይኛው ጫፍም አይቀበለውም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ከታች ባክቴሪያው ቀድሞ መያዙና የላላው ብረት በእያንዳንዱ እርምጃ እየተነቃነቀ የአካባቢውን ሥጋ መቆጣት ማራዘሙ ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። የወጣው ፕሌትና ብሎን ታጥቦ በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ በሁለት ብሎኖች ራስና በፕሌቱ ቀዳዳ መካከል ቡናማ ዝገትና ጥቃቅን ጉድጓዶች ነበሩ። ማግኔት ሲቀርብላቸው ሁለቱ ብሎኖች ተሳቡ፤ የቀሩት አልተሳቡም። ለሰውነት የሚሠራው 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ከ17 እስከ 19 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ13 እስከ 15 በመቶ ኒኬል፣ ከ2 በመቶ በላይ ሞሊብዲነም፣ ካርቦኑ ደግሞ ከ0.03 በመቶ ያልበለጠ ነው፤ ውስጣዊ አደረጃጀቱም በማግኔት የማይሳብ ነው። ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየሙ በገጹ ላይ የሚሠራው፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖ ሜትር የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማ ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት ብረት በአንድ ላይ ሲነካካ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ፍሰት ተፈጥሮ ደካማው ይበላል፤ በብሎኑ ራስ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍተት ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያንስ ሽፋኑ ሲፋቅ መልሶ አይጠገንም። እነዚህ ሁለት ብሎኖች ከሌላ ስብስብ የመጡ፣ ምናልባትም ለሰው አካል ጨርሶ ያልተሠሩ ነበሩ ማለት ነው። ዕቃ በሚያጥርበት ቦታ ከዚህም ከዚያም የተረፈን ብሎን በአንድ ትሪ ላይ ማከማቸት የተለመደ በመሆኑ ነገሩ ብዙም አያስገርምም፤ ሊቀጥል ግን አይገባም።

ያም ሆኖ የመግሉ ምክንያት ዝገቱ ነው ለማለት አንደፍርም። የብረት ብናኝ ለመዋጥ የተጠመዱ ማክሮፋጆች ባክቴሪያን የመግደል አቅማቸው ስለሚቀንስ ዝገቱ ለባክቴሪያው መንገድ ጠርጎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በንጹሕ ቁስል ውስጥ ተመሳሳይ ዝገት ቢኖር የሚጠበቀው በአካባቢው ያለው ሥጋ መጥቆርና መታመም እንጂ እንዲህ ያለ መግል አይደለም።

ፕሌቱና ብሎኖቹ በሙሉ ወጡ፤ የሞተው አጥንት ከጫፉ ጥቃቅን የደም ነጥቦች ብቅ እስኪሉ ድረስ ተቆረጠ። በዚህ ምክንያት 5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ክፍተት ተፈጠረ። አጥንቱ ከቆዳ ውጭ በሚታሰር ማቆሚያ ከተያዘ በኋላ፣ ክፍተቱ ቫንኮማይሲን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንት ተሞላ። ሲሚንቱ በሚጠነክርበት ጊዜ የሚያመነጨው ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ስለሚችል አጥንቱንና ሥጋውን እንዳያቃጥል በቀዝቃዛ የጨው ውሃ እየራሰ ነበር የተቀመጠው። ቫንኮማይሲን ይህን ሙቀት ከሚቋቋሙት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ ተመረጠ።

ለወንድምየው የተሰጠው መልስና የሲሚንቱ ሥራ

ወንድምየው ብረቱ ወጥቶ በቦታው «ፕላስቲክ» መግባቱን ሲሰማ ግራ ተጋባ፤ እንደ እርሱ አስተሳሰብ ባዕድ ነገር ለማውጣት በተደረገ ቀዶ ሕክምና ሌላ ባዕድ ነገር መግባቱ ትክክል አልነበረም። ያስረዳነው በግልጽ ነው፦ «ጋሼ፣ ቲታኒየም ብናስገባለትም ባክቴሪያው እላዩ ላይ ይሠፍርበታል፤ ከብትዎን አይሽጡ። ይሄኛው የገባው እንዲቆይ ሳይሆን ሰውነቱ አንድ ነገር እንዲሠራልን ነው።»

ይህ ሲሚንት ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የተባለ ፕላስቲክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ያከመው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ፣ ስባሪው ዓይኑን ሳያስቆጣ ለዓመታት እንደሚቀመጥ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1949 የመጀመሪያውን የዓይን ውስጥ ሌንስ የሠራው ከዚሁ ነገር ነበር። ያው ፕላስቲክ በዓይን ውስጥ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በአጥንት ክፍተት ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ በዙሪያው ወፍራምና ደም የበዛበት ሽፋን ያስበቅላል። አንድን ዕቃ ከነቦታውና ከነሥራው ካልሆነ በቀር «ለሰውነት ተስማሚ ነው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሽፋን ለመጠቀም ያሰበው ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አላን ማስክሌ ነው። ከሲሚንቱ ዙሪያ የሚበቅለው ሽፋን፣ በመሠረቱ ሰውነት ባዕድን ነገር ለመከለል የሚሠራው ያው ከረጢት ቢሆንም፣ የደም ሥር የሚያስበቅልና አጥንት እንዲሠራ የሚያነሳሳ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህ ችሎታው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ብሎ ኋላ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። በታካሚያችን ላይ በሰባተኛው ሳምንት ሲከፈት ሽፋኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ሲቆረጥ የሚደማ፣ ቀይ ቀለም ያለው ሆኖ ተገኘ። በጥንቃቄ በአንድ መስመር ተሰንጥቆ ሲሚንቱ ተሰብሮ ወጣ፤ ባዶው ስፍራ ከታካሚው ከሁለቱም የዳሌ አጥንት በተወሰደና በጥቃቅኑ በተቆረጠ የውስጥ አጥንት ተሞልቶ ሽፋኑ በላዩ ላይ ተሰፋ። የራስ አጥንት ሕያው ሕዋስንም፣ የሚያነሳሳ ፕሮቲንንም፣ አዲሱ አጥንት የሚንጠላጠልበትን መዋቅርም በአንድ ላይ ይዞ ስለሚመጣ፣ በፋብሪካ የሚሠሩት የአጥንት ምትኮች በእጃችን ቢኖሩም እንኳ የምንመርጠው እርሱን ነበር። ከዚህ ቀዶ ሕክምና የተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ አላበቀለም። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጀምሮ በደም ሥር ቀጥሎም በአፍ የተሰጠው መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ቆይቶ አብቅቶ ነበር።

ክትትል

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም ቢሆንም ብዙ የሚጻፍበት አይደለም። ከውጭ ማቆሚያው ዘንጎች አንዱ በቆዳው መግቢያ ላይ ተቆጥቶ ነበር፤ ቆዳ በብረት ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ስለማይችል ይህ የሚጠበቅ ነው። ባለቤቱ በየዕለቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንድታጸዳ ተምራ ያለ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። በሦስተኛው ወር ራጅ ላይ ደመና የሚመስል አዲስ አጥንት በክፍተቱ ውስጥ ታየ፤ ክብደት ቀስ በቀስ እንዲጭንበት ተደረገ፤ በዘጠነኛው ወር አጥንቱ ከአራቱ ጎኖች በሦስቱ ስለገጠመ ማቆሚያው ወጥቶ ለስድስት ሳምንት በጄሶ ተያዘ።

የወጡት ሁለት ብሎኖች ለአዳዲስ ሐኪሞች ማስተማሪያነት ተቀምጠዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ የተለያየ ምንጭ ያላቸው ብሎኖች በተለያየ ትሪ እንዲቀመጡ፣ ምንጩ የማይታወቅ ብሎንም በማንም ሰው ላይ እንዳይገጠም ተወስኗል፤ ከፕሌቱ ጋር የመጣው ወረቀት በታካሚው ካርድ ላይ እንዲለጠፍ የተደረገው ሙከራ ግን ብዙ ዕቃ ያለ ወረቀት ስለሚደርሰን እስካሁን በሚገባ አልሠራም።

በመጨረሻው ክትትል ታካሚው ያለ ምርኩዝ ይሄድ ነበር፤ ቀዳዳዋ ተዘግታ ደርቃለች፣ ቀኝ እግሩ ከግራው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ቁርጭምጭሚቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በመቆየቱ ወደ ላይ በሚገባ አይታጠፍም፤ ዳገታማ በሆነው የቡና ማሳው ላይ ሲወጣ የሚቸገረውም በዚህ ነው። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውን ቀጥሏል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ሊመለስ ስለሚችል ፈሳሽ ወይም አዲስ ሕመም ባይኖርም በየስድስት ወሩ እንዲመጣ ተቀጥሯል።